«ማን ሞተባችሁ?»፦ የአንድ ሳሎን ግድግዳ የጉዳይ ጥናት

ሥራዬ የቤት ውስጥ ማስዋብ ነው። አብዛኛው ቤት ይቀባል፣ ይከፈላል፣ ይረሳል። ይሄኛው ግን አልረሳ ብሎኛል። ጉዳዩ ሁለት ጠቆር ያሉ ግራጫዎችን ማወዳደር ነበር። ለየብቻ ያያቸው ሰው አንድ ናቸው ይላል። ባልና ሚስት ግን ከጥቅምት እስከ የካቲት ተከራከሩባቸው። ለዳኝነት የተጠራሁት እኔ ደግሞ ተሳሳትኩ። ስህተቴ የፀሐይ ነገር ነው፤ ኋላ እደርስበታለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለሚያስቀባ ይጠቅማል ብዬ ከነዝርዝሩ እጽፈዋለሁ። ባለቤቶቹ ፈቅደውልኛል። ስማቸውንና የብሎካቸውን ቁጥር ግን አልጠራም።

ቤቱና ሰዎቹ

ቤቱ ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ሦስተኛ ፎቅ፣ ባለ ሁለት መኝታ። ሳሎኑ 4 ሜትር ከ20 በ3 ሜትር ከ60 ነው። ብርሃን የሚያገኘው በአንድ በኩል ብቻ ነው፤ ወደ ሰሜን በሚከፈት የበረንዳ በርና ከጎኑ ባለ መስኮት። በረንዳው ጠለቅ ያለ ነው። የላይኛው ጎረቤት በረንዳ ጣሪያ ሆኖለታል። ፊት ለፊት፣ ሃያ ሜትር ገደማ ራቅ ብሎ፣ ሌላ ብሎክ ቆሟል። ግድግዳው ወደ ብርቱካን የሚያደላ ቢጫ ነው። ይህን ብሎክ ያዙልኝ።

ሚስት ባንክ ትሠራለች። ባል አነስተኛ ማተሚያ ቤት አለው። ቀኑን ሙሉ ከቀለም ጋር ስለሚውል «ቀለም ለኔ አትንገሩኝ» ባይ ነው። ሁለት ልጆች አሏቸው። የሚስት እናት እሁድ እሁድ ለቡና ይመጣሉ።

ነገሩ የተጀመረው በፎቶ ነው። የሚስት እህት ቨርጂኒያ ትኖራለች። ቤቷን ስታድስ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ያለውን ግድግዳ ከሰል መሳይ ቀለም አስቀባች። ፎቶውን ከነቀለሙ ስም ላከች። ሚስት ወደደችው። ባል ደግሞ ስሙን ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ ከሱ ቀለል ያለ ሌላ ግራጫ አገኘና «ይሄ ይሻላል፣ ያኛው ቤት ያጨልማል» አለ። ጠቡ ከዚያ ቀጠለ።

ሁለቱ ቀለሞች

ሁለቱም የሸርዊን ዊሊያምስ ቀለሞች ናቸው። ኩባንያው አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ውስጥ በ1866 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የተመሠረተ ነው። የሚስት ምርጫ አይረን ኦር ይባላል፤ ቁጥሩ 7069። የባል ምርጫ ፔፐርኮርን ነው፤ ቁጥሩ 7674። የመጀመሪያው ስም የብረት ማዕድን ማለት ነው፣ ሁለተኛው ቁንዶ በርበሬ። እኛ ማጀት ያለው ቁንዶ በርበሬ ከቀለሙ በጣም ይጠቁራል። ስም አውጪዎቹ ምን ዓይነቱን እንዳዩ እንጃ።

ቀለም አምራቾች ለእያንዳንዱ ቀለም የሚሰጡት አንድ ቁጥር አለ። በአጭሩ ኤልአርቪ ይሉታል። ግድግዳው ካረፈበት ብርሃን ምን ያህሉን መልሶ እንደሚረጭ ይናገራል። ድፍን ጥቁር 0 ነው፣ ፍጹም ነጭ 100። አይረን ኦር 6 ነው፤ ፔፐርኮርን 10። ከመቶ የ4 ልዩነት ምንም አይመስልም። ባልም መጀመሪያ ሲሰማው «ለአራት ቁጥር ነው እንዴ የምንጨቃጨቀው?» ብሎ ስቋል። ግን ታች ያለው ቁጥር ሲያንስ አራቱ ይከብዳል። ፔፐርኮርን ወደ ክፍሉ የሚመልሰው ብርሃን አይረን ኦር ከሚመልሰው በሁለት ሦስተኛ ይበልጣል። 80 እና 84 ቢሆኑ ኖሮ በቀላሉ አይለዩም ነበር።

ሌላው ልዩነት ውስጣቸው ያለው ዝንባሌ ነው። በኮምፒውተር አቆጣጠር ፔፐርኮርን ቀይ 88፣ አረንጓዴ 88፣ ሰማያዊ 88 ነው። ወደ የትም የማያደላ ግራጫ ማለት ነው። አይረን ኦር 67፣ 67፣ 65 ነው። ሰማያዊው በሁለት ቁጥር ጎድሏል፤ ስለዚህ ለአመል ያህል ወደ ሞቃቱ፣ ማለትም ወደ ቢጫው ወገን ያደላል። እኔ ይህን ሁለት ቁጥር ንቄው ነበር።

ወደ የትም የማያደላ ግራጫ የዋህ ይመስላል እንጂ አይደለም። የራሱ ዝንባሌ ስለሌለው የመጣበትን ብርሃን ይለብሳል። ሰማያዊ ብርሃን ሲያገኝ ሰማያዊ፣ ቢጫ ሲያገኝ ቡናማ።

የመጀመሪያው ቅብ

እኔ ከመጠራቴ በፊት ታኅሣሥ ላይ አንድ ጊዜ አስቀብተዋል። ሚስት አሸንፋ ነበር። ፎቶውን በስልክ ይዘው መርካቶ አንድ ቀለም ሱቅ ሄዱ። ሻጩ ስልኩን አየ። ነጭ ፕላስቲክ ቀለም ከፈተ። ከለር የሚሉትን ማቅለሚያ፣ ጥቁሩን፣ ጨመረ፣ በእንጨት አማሰለ፣ አየ፣ እንደገና ጨመረ። አንድ ጋሎን ይዘው ተመለሱ።

ሦስት ነገር ተበላሸ።

አንደኛው ፎቶው ነው። የስልክ ካሜራ ጨለማ ነገር ሲያይ ራሱ ብርሃን ይጨምራል። ስለዚህ ጠቆር ያለ ግድግዳ በፎቶ ከእውነቱ ነጣ ብሎ ይታያል። ስክሪኑ ደግሞ ከውስጥ ያበራል። ግድግዳ ከውስጥ አያበራም። እህት ቨርጂኒያ ሆና የምታየውና ልደታ ስክሪን ላይ የሚታየው ቀለም ገና ከመነሻው ተለያይተዋል።

ሁለተኛው ድብልቁ ነው። ነጭና ጥቁር ብቻ ሲደባለቁ የሚወጣው ግራጫ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ትንሽ ቢጫ ወይም ቡናማ ካልገባበት አይስተካከልም። ግድግዳው ሲደርቅ የዝናብ ደመና መሰለ።

ሦስተኛው ከሁሉ የባሰ ነው። ተራው ነጭ ቀለም በውስጡ ብዙ ነጭ ዱቄት አለው፤ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባለው። እሱን አጥቁሮ ለመጨረስ የሚያስፈልገው ከለር ልክ የለውም። ከለር ደግሞ ከመጠን ሲያልፍ ቀለሙ በደንብ አይጠነክርም። ለጠቆሩ ቀለሞች ነጭ የሌለው ወይም ያነሰው ሌላ ቤዝ፣ ማለትም ከለር የሚጨመርበት መነሻ ቀለም፣ የሚሠራው ለዚህ ነው። እዚህ ቤት ትንሹ ልጅ ግድግዳውን ተደግፎ ቲቪ ሲያይ ቆይቶ ሲነሳ የትምህርት ቤት ሸሚዙ ጀርባ ጠቁሮ ተገኘ። ቅቡ ከደረቀ ሳምንት አልፎት ነበር።

እናት እሁድ መጡ። በር ላይ ቆመው ግድግዳውን አዩ። ጫማቸውን አላወለቁም።

«ልጄ፣ ማን ሞተባችሁ?»

ሚስት ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር። የዚያን ቀን ግን እንዳልሳቀች ባል ሹክ ብሎኛል። ይህን ነገር ቀላል አድርጎ ማየት አይገባም። ቨርጂኒያ ያለው ጠቆር ያለ ግድግዳ ዘመናዊነት ነው። እኛ ጋ ጥቁር የሐዘን ልብስ ነው፤ እንግዳም መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ደንበኞቼን አሁን አሁን በግልጽ እጠይቃለሁ፦ ቤታችሁ የሚመጣ ትልቅ ሰው ምን ይላል? ቃሉስ ይገዛችኋል ወይስ አይገዛችሁም?

ካርዱ ከመንገደኛ ጋር

ጥር ላይ ተጠራሁ። መጀመሪያ የጠየቅሁት ስልኩን እንዲዘጉት ነው። እህትየው የሁለቱን ቀለሞች የወረቀት ካርድ ለጥምቀት በመጣች መንገደኛ ላከች። ካርዱ ከሻንጣው ዕቃ ሁሉ ቀላሉ ነበር፤ ከሁሉ የጠቀመንም እሱ ነው።

ካርዱን ይዤ ወደ ሌላ ሱቅ ሄድኩ። እዚያ ካርድ የሚያነብ መሣሪያ አለ። ብርሃን ያሳርፍበትና የድብልቅ ቀመር ያወጣል። ለጠቆረ ቀለም የተዘጋጀ ቤዝም አላቸው። ከሁለቱም አንድ አንድ ሊትር አስመዘንኩ። የሱቁ ልጅ ክዳኑ ላይ ነካ አድርጎ በፀጉር ማድረቂያ አደረቀልኝ። ማድረቁ ግድ ነው። በውሃ የሚቀጠን ቀለም እርጥብ ሳለ ነጣ ይላል፤ ሲደርቅ ይጠቁራል። በእርጥቡ የፈረደ ሰው ቤቱ ሲደርስ ሌላ ቀለም ነው የሚያገኘው።

ደረቁን ከካርዱ ጋር ሳስተያየው ሱቁ ውስጥ ልክ አንድ ነበሩ። ሁለቱንም ይዤ ወደ አስፋልቱ ወጣሁ። ፀሐይ ላይ የፔፐርኮርኑ ድብልቅ አረንጓዴ ጣል ያደርጋል። ካርዱ ላይ አረንጓዴ የለም። በአንድ መብራት ስር የተስማሙ ሁለት ቀለሞች በሌላ መብራት ስር መለያየታቸው የታወቀ ነገር ነው፤ የተሠሩበት ከለር ስለሚለያይ። ልጁ ሁለት ጠብታ ቀይ ቡናማ ጨመረ። አረንጓዴው ሞተ። ተመልሼ ወጣሁ፣ አየሁ፣ ከፈልኩ። ሱቁ በራፍ ላይ የቆሙ ሁለት ደላሎች ይህን ሁሉ ሲያዩ «ቀለም ነው ወይስ ወርቅ የሚገዛው?» እያሉ ነበር።

ሰሌዳዎቹ

ግድግዳ ላይ ናሙና መቀባት አልወድም። ዓይን አዲሱን ቀለም ከጎኑ ካለው ጋር እያወዳደረ ነው የሚያየው። እዚህ ቤት ሰማያዊ መሳዩ ግራጫ ገና ግድግዳው ላይ ነበር። ስለዚህ 60 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት የጂፕሰም ቦርድ ቁራጮች አዘጋጀሁ። ስቱኮ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ ሁለት ሁለት እጅ ቀለም፣ እስከ ጠርዛቸው።

ሰሌዳዎቹን ሰማያዊው ግድግዳ ላይ ስናስደግፋቸው ሁለቱም ቡናማ መሰሉ። ነጭ አንሶላ ከጀርባ ስንዘረጋ ደግሞ ሁለቱም ጥቁር ሆኑ። መፍትሔውን ያመጣው ባል ነው። ከማተሚያ ቤቱ ያልታተመ የጋዜጣ ወረቀት ጥቅል ይዞ መጣ። ወረቀቱ ነጭም አይደለም፣ ቢጫም አይደለም። ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች በሱ ሸፈንነው። ከዚያ በኋላ ነው ዓይናችን ያረፈው። አሁን ጥቅሉን መኪናዬ ውስጥ ይዤ ነው የምዞረው።

ሰሌዳዎቹን ለአምስት ቀን ትተናቸው ነበር። ጠዋት 2 ሰዓት፣ እኩለ ቀን፣ 11 ሰዓት፣ ማታ 2 ሰዓት። እያንዳንዳቸው ያዩትን ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ሳይነጋገሩ። የሚስት ወረቀት አሁንም አለኝ። ማክሰኞ 11 ሰዓት ላይ ስለ አይረን ኦር «ጉድጓድ» ብላ ጽፋ፣ ሰርዛ፣ «ጥልቅ» ብላዋለች።

በቀን ልዩነቱ ግልጽ ነበር። ፔፐርኮርን ሞቅ ያለ፣ ከረባት የሚመስል ግራጫ ሆነ። አይረን ኦር ከመስኮቱ ራቅ ባለው ጥግ ጥቁር ነው ማለት ይቻላል። ቴሌቪዥኑ ከፊቱ ሲቀመጥ ይዋጣል። ሚስት ይህን ወደደችው፤ የጠፋ ቴሌቪዥን እንደ ትልቅ ጥቁር መስኮት ግድግዳው ላይ መቆሙን ነው የምትጠላው።

ማታ ሌላ ታሪክ ነው። ሳሎኑ ውስጥ የነበሩት ሱቅ ላይ «ነጭ» የሚባሉት 6500 ኬልቪን አምፖሎች ናቸው፤ ኬልቪን የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው። በነሱ ስር ፔፐርኮርን ወይን ጠጅ ነገር ጣል አደረገ፤ አይረን ኦር ግን ከሰልነቱን አልለቀቀም። «ወርም» የሚባሉትን 3000 ኬልቪን ቀየርን። ሁለቱም ወደ ቡና ቀለም ሄዱ።

ከዚያ አንድ ነገር ሞከርኩ። ባልና ሚስቱን ወደ ማጀት ሰደድኳቸውና አንድ ሰሌዳ ብቻ ትቼ ሌላውን ደበቅሁ። ተመልሰው ሶፋው ላይ ሆነው የማን ምርጫ እንደሆነ እንዲናገሩ ጠየቅሁ። ሚስት አመነታች፣ የባሏ ነው አለች። ባል ሳያመነታ «የኔ ነው፣ ዓይኔ አይስትም» አለ። የተተወው የሚስት አይረን ኦር ነበር። ጎን ለጎን ሲሆኑ ማንም ይለያቸዋል። ለብቻው፣ ማታ፣ በቢጫ አምፖል፣ የቀለም ሰውም አይለይም። ግድግዳ ደግሞ ጎኑ ላይ ማወዳደሪያ ይዞ አይኖርም።

ይህ ከታወቀ በኋላ ክርክሩ በረደ። ማታ ለውጥ ከሌለ የሚወስነው ቀን ነው። በቀኑ ብርሃን ፔፐርኮርን ደስ ይላል፣ ክፍሉንም አያጠብም። እኔም ድምፄን ለባል ሰጠሁ። ሚስት እሺ አለች። «በኋላ እንዳትጸጸቱ» ብላ ግን ጨመረችበት።

ቅቡ

ግድግዳው ከመስኮቱ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ይሠራል፤ ብርሃኑ በጎን ታክኮት ያልፋል። እንዲህ ያለ ግድግዳ የልስኑን ወጣ ገባ ሁሉ ያጋልጣል። ነጭ ሲሆን ይሸፈናል፤ ጠቆር ሲል፣ በተለይ ካንጸባረቀ፣ እያንዳንዱ እብጠት ይታያል። ስለዚህ አሮጌው ቅብ ተፋቀ፣ ስቱኮ በሙሉ ተመታ፣ ቀቢው የእጅ ባትሪ ግድግዳው ላይ አስጠግቶ እያበራ በብርጭቆ ወረቀት አስተካከለ። ከሥራው ግማሽ በላይ የሄደው እዚህ ላይ ነው። ቀቢው ብዙ ዘመን የሠራ ሰው ነው። «ጥቁር ቀለም ሐሜተኛ ነው፣ ያየውን ሁሉ ያወራል» አለኝ።

መጀመሪያ መካከለኛ ግራጫ አንድ እጅ መታን። ነጭ ስቱኮ ላይ በቀጥታ ቢገባ ሮለሩ የዘለለው ቦታ ሁሉ እንደ ኮከብ ይታይ ነበር። ከዚያ ሁለት እጅ ፔፐርኮርን፣ የማያንጸባርቀውን ማት። 11 ካሬ ሜትር ለሚሆነው ግድግዳ ባለ 4 ሊትር ጋሎን በቅቶ ተርፏል። ትርፉ ታሽጎ፣ ቀኑ ተጽፎበት ተቀመጠ።

ማት መምረጣችን እብጠቱን ደበቀ። ጣጣም አመጣ። ልጆቹ የሚተሻሹበት ቦታ እየለሰለሰ ማብለጭለጭ ጀመረ። ቡና ሲፈላ የሚነሳው አመድ ግድግዳው ላይ ያርፋል፤ ነጭ አመድ በጠቆረ ማት ላይ እንደ ዱቄት ይታያል። በጨርቅ ሲጠረግ ደግሞ የጨርቁ መንገድ ይቀራል። ለስላሳ የላባ አቧራ መጥረጊያ ገዙ፤ ረከቦቱም ወደ በረንዳው በር ተጠጋ። ስለ ጠቆረ ግድግዳ ውበት ሲወራ ይህ አመድ ለምን እንደማይነሳ አላውቅም።

የካቲት ላይ እናት መጡ። አምፖሉ ቢጫ ነበር። ቆም ብለው አዩት። «ቡናማ ነው እንዴ? ይሄስ ደግ ነው» አሉ፤ ጫማቸውንም አወለቁ። ሥራው አለቀ ብዬ ሂሳቤን ተቀበልኩ።

ክረምት ሲገባ

ሰኔ መጨረሻ ላይ ሚስት ደወለች። «ና እስቲ እየው፣ ግድግዳው ታሟል።»

5 ሰዓት ላይ ደረስኩ። እውነቷን ነው። ከረባት የመሰለው ግራጫ የለም። ቀዝቃዛ፣ ሰማያዊ፣ የታኅሣሡን ቅብ የሚያስታውስ ነገር ነው ያለው። መጀመሪያ ቀለሙ ተለወጠ ብዬ ጠረጠርኩ። የታሸገውን ትርፍ ከፍቼ ካርቶን ላይ ቀብቼ አደረቅሁት። ከግድግዳው ጋር አንድ ነው። ቀለሙ ምንም አልሆነም።

በረንዳው ላይ ወጥቼ ሳይ ገባኝ። ፊት ለፊት ያለው ቢጫ ብሎክ ጥላ ውስጥ ነው።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ፀሐይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ግድም እኩለ ቀን ላይ ከእኛ በስተ ሰሜን ነው የምታልፈው። በቀረው ጊዜ በስተ ደቡብ። ጥር ላይ ሰሌዳዎቹን ስናይ ፀሐይዋ ደቡብ ነበረች። የኛን ሳሎን በቀጥታ አታገኘውም። የፊት ለፊቱን ብሎክ ግን ፊቱን ሙሉ ቀን ትመታዋለች። ወደ ሳሎኑ የሚገባው ብርሃን ከዚያ ቢጫ ግድግዳ ተመልሶ የመጣ ነው። ፔፐርኮርንን ያሞቀው እሱ ነው። ሰኔ ላይ ፀሐይዋ ዞረች። ያንን ብሎክ ከጀርባው ነው የምትመታው። ለኛ የቀረው የደመና ብርሃንና ከበረንዳው ሲሚንቶ ንጣፍ የሚነሳው ነው፤ ሁለቱም ቀዝቃዛ ናቸው። የዋሁ ግራጫ ያገኘውን ለበሰ።

የውጭ መጻሕፍት ሰሜን የሚያይ ክፍል ዓመቱን ሙሉ ቀዝቃዛ ነው ይላሉ። ለነሱ አገር ልክ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ሁልጊዜ ደቡባቸው ናት። እኔ ሕጉን አውቀው ነበር። ጥር ላይ ክፍሉ ሞቆ ሳየው «ይሄ ሕግ እዚህ አይሠራም» ብዬ ጣልኩት። ግማሽ ልክ ነበርኩ። እዚህ የሰሜን ክፍል በዓመት ሁለት ዓይነት ብርሃን አለው። እኔ የሞከርኩት አንዱን ነው።

አይረን ኦሩን ሰሌዳ ከሶፋው ጀርባ አወጣን። ግድግዳው ላይ አስደገፍነው። ከሰል ነው። ጨለም ብሏል እንጂ ሰማያዊ አልሆነም። ያ የናቅሁት የሁለት ቁጥር ሙቀት ሥራውን እየሠራ ነበር። ሚስት ምንም አልተናገረችም። ዝም ብላ አየችኝ፤ ብትናገር ይሻለኝ ነበር።

ድጋሚ ለመቅባት ገንዘቡም ጉልበቱም አልነበረም። ያለውን ለማሞቅ ሦስት ነገር ሞከርን። ነጩን ስስ መጋረጃ በቅቤ ቀለም ለወጥነው፤ ይህ በደንብ ሠራ። ቀን ላይም አንድ የጠረጴዛ መብራት በ3000 ኬልቪን አምፖል እንዲበራ አደረግን፤ ይህም ረዳ፣ መብራት በሌለበት ቀን ግን የለም። ሦስተኛው የኔ ብልጠት ነው። የበረንዳው ሲሚንቶ የሚመልሰውን ብርሃን ለማሞቅ ሰሌን አነጠፍን። ፀሐይ ብቅ ባለችባቸው ሁለት ጠዋቶች ጣሪያው ወርቃማ ሆኖ ነበር። በሦስተኛው ቀን ዝናብ አራሰውና ሸተተ። ተጠቅልሎ ወጣ።

ወደ ሌላ ቤት የሚወሰድ

ከዚህ ሥራ በኋላ አሠራሬን የለወጥኩባቸው ነገሮች አሉ። ዋናው የፊት ለፊት ሕንፃውን ማየት ነው። መሃል አዲስ አበባ ሕንፃ ተጠጋግቶ ነው የቆመው። ብዙ ሳሎን ብርሃን የሚያገኘው ከሰማይ ሳይሆን ከጎረቤት ግድግዳ ነው። ስለዚህ ቀለም ከመምረጤ በፊት በረንዳ ላይ ወጥቼ ሁለት ጥያቄ እጠይቃለሁ። ያ ግድግዳ ምን ዓይነት ቀለም ነው? በበጋና በክረምት ፀሐይ የሚያገኘው መቼ ነው? በኮሪደር ልማቱ ሰሞን የመንገድ ዳር ሕንፃዎች ሲቀቡ የአንዳንድ ደንበኞቼ ሳሎን መልኩ የተለወጠውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ እነሱ ግን ግድግዳቸው የደበዘዘ መስሏቸው ነበር።

በሁለቱም ወቅት መሞከር የሚችል ሰው ይሞክር። ስድስት ወር የሚጠብቅ ደንበኛ ግን አይቼ አላውቅም። ለማይጠብቀው የማደርገው ይህ ነው፦ በበጋ የምመርጥ ከሆነ ጠዋት በጣም ማልጄ፣ የፊት ለፊቱ ሕንፃ ፀሐይ ሳያገኝ፣ ሰሌዳዎቹን አያለሁ። ያ ብርሃን ከክረምቱ ጋር ይቀራረባል። በዚያ ሰዓት ሰማያዊ የሆነ ግራጫ ሐምሌ ላይም ይሆናል። ጥር ላይ የመጀመሪያው ምልከታችን 2 ሰዓት ላይ ነበር፤ ፀሐይዋ ቢጫው ብሎክ ላይ ከወጣች ቆይታለች። አንድ ሰዓት ቀደም ብንል ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

ሁለት ተቀራራቢ ጠቆር ያሉ ቀለሞች ሲቀርቡልኝ የቱ ይጠቁራል የሚለውን ሁለተኛ አድርጌዋለሁ። መጀመሪያ የማየው ወደ የት እንደሚያደሉ ነው። ብርሃኑ በማይታመን ክፍል ውስጥ ትንሽም ቢሆን የራሱ ሙቀት ያለውን እመርጣለሁ፣ ኤልአርቪው ቢያንስም። ጨለማው ያስፈራው ሰው አንድ ግድግዳ ብቻ ይቀባ፤ ቀሪዎቹን ክሬም ያድርግ።

አምፖል ቀለም ከመመረጡ በፊት ይመረጥ። ቀለሙ ከተቀባ በኋላ አምፖል የሚለውጥ ሰው ግድግዳውን ድጋሚ እንደቀባ ይቁጠረው። የስልክ ፎቶ ይዞ ወደ ሱቅ የሚሄድ ካለ ደግሞ ለመነሻ ሐሳብ ይጠቀምበት፣ ለድብልቅ ግን አይስጠው። አገር ውስጥ የሌለ ቀለም ከሆነ ካርዱን ከመንገደኛ ማስላክ ከአንድ የተበላሸ ጋሎን ይረክሳል። ሻጩንም ቤዙ ለጠቆረ ቀለም የተሠራ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

አሁን

መስከረም ላይ ለሌላ ጉዳይ ጎራ ብዬ ነበር። ፀሐይዋ ወደ ደቡብ መመለስ ጀምራለች፤ የፊት ለፊቱ ብሎክ ግንባር ላይ ቢጫ መስመር ታየች። ግድግዳው ማገገም ይዟል። ባል «በል እንግዲህ፣ ዳነልህ» አለኝ። ሚስት ከማጀት ሆና «እስከ ሚያዝያ» አለች። አይረን ኦሩን ሰሌዳ እንድወስደው ብጠይቅ እምቢ ብላለች። ከሶፋው ጀርባ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙራ አስቀምጣዋለች።